ገጠርም ከተማም ላልሆነው ሰፈራችን ድጎማው በየት በኩል ይግባ?

በፌዴራል፣ በክልልና በከተማ ደረጃ በጀት ለምትደለድሉ፣ የማኅበራዊ ጉዳይና የምግብ ዋስትና ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ማዶ ካለ ሰፈር ነው። የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ለድሃ የሚመደበው የመንግሥት ገንዘብ የሚመጣው በሁለት በር ነው፤ አንዱ የገጠር፣ አንዱ የከተማ። እኛ በሁለቱ መካከል ነን። በሁለቱም ያልፈናል። ይህ እንዲስተካከልልን እንጠይቃለን።

ሰፈራችንን ለማታውቁት፦ ከአስፋልቱ ወዲህ ፎቅ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ የጤፍ ማሳ ነው። ጠዋት ታክሲ በሚጠብቀው ሰልፍ መሀል በሬ የሚነዳ ልጅ ያልፋል። ሰዉ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ ያወራል፣ ማንም ልብ አይለውም። አምና ሽምብራ የተዘራበት ቦታ ዘንድሮ ብሎኬት ተደርድሮበታል።

በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በዙሪያቸው ያለው ገበሬም አብሮ ገባ። ሞፈሩን ሳይሰቅል የከተማ ነዋሪ ሆነ። በአዲስ አበባ በኩል፣ በአቃቂ ቃሊቲና በለሚ ኩራ ዳር ዳር፣ ዛሬም የሚያርስ አለ። አከላለሉን ልተች አይደለም የመጣሁት። ወሰን የትም ቢሰመር ዳር ላይ የሚቀር ሰው አይጠፋም። የእኔ ቅሬታ ድጎማው ወሰኑን እንጂ ሰውየውን አለመከተሉ ነው።

የገጠሩን በር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ሲጀመር ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ በቀረ ቁጥር የዕርዳታ ጥሪ ይደረግ ነበር። እህሉ እስኪደርስ ሰው በሬውን ሸጦ ይጨርሳል። በዚህ ምትክ በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ መስጠት ተጀመረ። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ጉልበት የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ፕሮግራሙ እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ደግፏል። ግን መጀመሪያ የሚመረጠው ወረዳው ነው፣ ቤተሰቡ ቀጥሎ ይመጣል። ወረዳው ደግሞ ለዓመታት የምግብ ዕርዳታ ሲቀበል የቆየ መሆን አለበት። የእኛ አገር የጤፍና የስንዴ አገር ነው። የአቃቂና የአድአ ጤፍ ስም አለው። ወረዳው ጠግቦ ስለሚታይ በውስጡ ጾሙን የሚያድረው ሰው አይታይም።

የከተማው በር፣ የከተማ ሴፍቲኔቱ፣ የተከፈተው በ2009 ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። በጀቱ 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት። ከ600 ሺህ በላይ ሰው ለመድረስ ታቅዶ ትልቁ ድርሻ ለአዲስ አበባ ሆነ። መንገድ ሲጠርጉ፣ ችግኝ ሲያጠጡ የምናያቸው እናቶች የዚያ ሥራ ናቸው። ከሚያገኙት 20 በመቶውን ይቆጥባሉ። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ለመቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ ተሰጥቷቸው ወደ ራሳቸው ሥራ ይሄዳሉ። እንዲህ ሆነው ጉልት ከፍተው፣ ዶሮ አርብተው ራሳቸውን የቻሉ አውቃለሁ። በኋላ ሁለተኛው ምዕራፍ ከ80 በላይ ከተሞችን አካተተ። በዚህ በር ለመግባት ግን የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። በቀበሌው መዝገብ ላይ ያለህ ሰው መሆን አለብህ። እኛ ጋ ቁጥር የሌለው ቤት ብዙ ነው። መታወቂያው የድሮው የገበሬ ማኅበር የሆነ ሰውም አለ። ቁጥሩም መታወቂያውም ቢሟላ ደግሞ "አንተ መሬት አለህ" የሚል መልስ ይጠብቅሃል።

አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰፈሩ "አዴ" ይላቸዋል። የባለቤታቸው ማሳ ለልማት ተወሰደ። ካሣው የተሰላው በቀድሞው ሕግ፣ በአዋጅ 455/1997 ነው። የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተወስዶ በአሥር ይባዛል። በወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል። ብሩ ለበኩር ልጅ ባጃጅ ሆነ፣ ባጃጁ ተጋጨ፣ ልጁም እግሩ ተሰብሮ ቤት ዋለ። ሰውየው አረፉ። አሁን አዴ የሚኖሩት በኩበት ነው። ከብት የላቸውም። ከብት ያለው ጎረቤት በረት ይጠርጉና እበቱን ይወስዳሉ። ከገለባ ጋር ለውሰው፣ ጠፍጥፈው፣ ከጓሮ የድንጋይ ካብ ላይ ይለጥፉታል። በበጋ ቶሎ ይደርቃል። በማዳበሪያ ሞልተው እንጀራ ጋጋሪዎች ጋ ይወስዳሉ። ክረምት ሲገባ ኩበት አይደርቅም። ያን ጊዜ ገቢ የለም፣ አለቀ።

አዴ ለመመዝገብ ሄደው ነበር። አንዱ መስኮት ላይ "እርስዎ አርሶ አደር ነዎት፣ የገጠሩን ይጠይቁ" አሏቸው። ሌላው መስኮት ላይ "እርስዎ እኮ አሁን የከተማ ነዋሪ ነዎት" አሏቸው። የየትኛው ቢሮ መስኮት እንደሆነ አልናገርም። እዚያ የተቀመጡት ልጆች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፎርሙ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው።

ክረምትን ካነሳሁ አይቀር፣ በጀት ለምትይዙ ሰዎች ዋናው የምለው ይህ ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የረሃብ ወራችንም ሐምሌ ይጀምራል። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ጎተራ ባዶ ነው። አዲሱ እህል ገና አረንጓዴ ነው። ዝናብ ግንባታውን ስለሚያቀዘቅዘው የቀን ሠራተኛው ቤቱ ይቀመጣል። ኩበት አይደርቅም። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ ቁርስና ምሳ የሚበሉት ልጆች ሳይቀሩ ወደ ባዶ ማድጋ ይመለሳሉ። ልክ በዚያ ሰዓት በጀቱ ገና ጸደቀ ይባላል። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ምክር ቤት፣ ከዚያ የድርጊት መርሐ ግብር። እታች ሲደርስ አዝመራው ታጭዷል። የገጠሩ ሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራም በተለምዶ ከጥር እስከ ሰኔ ነው የሚሠራው። ለእርከን ሥራ በጋው ይመቻል፣ እሱ ይገባኛል። ለሆድ ግን ክረምቱ ነው ክፉው።

ግንቦትና ሰኔ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ጥድፊያ ይጀመራል። ሥልጠና፣ የስብሰባ ቦርሳ፣ የቢሮ ወንበር፣ ቶነር። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ በኩል ገንዘቡን ምን ላይ እናድርገው ተብሎ ይታሰባል። በሌላ በኩል ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚጠፋ የልጆች ምሳ አለ። ከዚያ የሰኔ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለሐምሌና ለነሐሴ እንዲሻገር ቢፈቀድ፣ አንድ ብር ሳይጨመር ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። አሠራሩ አይፈቅድም እንዳትሉኝ። ሲፈለግ ይፈቅዳል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በኅዳር 2017፣ በዓመቱ መሀል፣ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል።

አሁን ስለ እድራችን። እድር ሥራው ቀብር ነው። ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ፣ ንፍሮ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንድ አባት በሞቱ በሦስተኛው ቀን ተገኙ። ቀብራቸውን አሳመርነው። ከሠልስት በኋላ አንዲት አባል ተነስታ "ለንፍሮ ያወጣነውን በቁማቸው ብናበላቸው ምን ነበረበት?" አለች። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ወር ጀምሮ ከመዋጮው ላይ ትንሽ ጨመርን። በዚያ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እንጠይቃለን። የጤና መድን መክፈል ላቃተው እንሞላለን። ክረምት ላይ ለልጆች ምሳ እናበስላለን፤ ብር እስካለ ድረስ። አምና ነሐሴ አጋማሽ ላይ አልቆ ድስቱን አጠብነው።

የቤት ለቤቱን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ጠዋት ስትወጣ የምትይዘው አንድ ዘንቢል ነው። ሳሙና፣ ፎጣ፣ አንድ ፔርሙስ የአጃ ሾርባ፣ ጠርዙ የተጨማደደ ደብተር። ገብታ ትጠይቃለች፣ ገላ ታጥባለች፣ ሾርባውን ትቀዳለች፣ ስትወጣ ትጽፋለች። "መድኃኒት ጨርሰዋል።" "ጣሪያው ያፈሳል፣ አልጋው ተዛውሯል።" "ትናንት አልበሉም፤ በልቻለሁ ይላሉ።" ይቺን የመጨረሻዋን ቆጣሪ ልካችሁ አታገኟትም። ሰው ለማያውቀው ሰው አልበላሁም አይልም፣ ያፍራል። እሷ ግን ምድጃውን አይታ ታውቃለች።

ለዚህ ሥራ ድጎማ ፈለግን። መጀመሪያ ያገኘነው መልስ "እድር ናችሁ" የሚል ነው። ሕጉን ሳየው እውነት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። መጀመሪያ ላይ ይህ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እድርን በባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አታስመዝግቡ፣ ተዉት ማለት ነውና። ችግሩ ሌላ ነው። ያው አዋጅ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱ በጎ ፈቃደኝነትን ለማበረታታት፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሴቶችና ለሕፃናት የሚሠሩትን ለመደገፍ ነው። ማለትም እኛ የምንሠራውን። ግን ከአዋጁ ውጭ ስለሆንን ከፈንዱም ውጭ ነን። ድርጅት ሆናችሁ ተመዝገቡ ይባላል። ድርጅት ስንሆን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቦርድ፣ ኦዲተር፣ ዓመታዊ ሪፖርት ይመጣል። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የቀን ሥራዬ ሌላ ነው። ለኦዲተር የምንከፍለው ከምሳው ላይ ይነሳል።

ደግሞም ድጎማ ቢመጣ ለምን ይመጣል የሚለው ጥያቄ አለ። አንድ ጊዜ የሆነ ፕሮጀክት መጥቶልን ነበር፣ ስሙን ልተወው። አንድ የቆርቆሮ ክፍል ሠራልን፣ የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፣ ፍሪጅ ሰጠን፣ ታፔላ ተከለ። እግዜር ይስጣቸው። ለሁለቱ ሴቶች በወር ትንሽ ነገር ክፈሉልን ስንል "ቋሚ ዕቃ እንጂ ደመወዝ አንሸፍንም" ተባልን። ፍሪጁ ቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ አለ፤ የምናስቀምጥበት ነገር የለም። ታፔላውም አለ። ፎቶ የሚነሳ ነገር ገንዘብ ያገኛል፤ ሾርባ ቀድታ የምትወጣ ሴት ፎቶ አትሆንም።

መንግሥትም ከዚህ የጸዳ አይደለም። በ2007 የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጥሩ ሰነድ ነው። በየቀበሌው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት እንዲኖር ይታሰባል። አንዳንድ ቦታ በደንብ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር የተጣለው በበጎ ፈቃደኛ ላይ ነው። በጎ ፈቃድ ደስ ይላል። ግን የእኛ ሰፈር በጎ ፈቃደኛ ራሷ ድሃ ናት። የታክሲ ትከፍላለች። ሳሙና ትገዛለች። ልጇ ሲታመም ትቀራለች። አንድ ቀን የተሻለ ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች፣ መሄድም አለባት። ደብተሩ ግን ይቋረጣል።

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ ስለማውቀው ጥቂት ልበል። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚያ ላይ 222.7 ቢሊዮን ገደማ ለክልሎች ድጎማ፣ 14 ቢሊዮን ደግሞ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ድጋፍ ተይዟል። የክልሎቹ ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። ክልሉ በፈንታው ለወረዳ ያወርዳል። ወረዳ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩና ነርሱ መከፈል አለባቸው፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን ከደመወዝ በኋላ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ለወረቀትና ለነዳጅ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ከወረዳው ኪስ ቀንሳችሁ ስጡን አላልኩም። ለተወሰነ ዓላማ የሚሰጥ ድጎማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያ 14 ቢሊዮን ራሱ እንደዚያ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ድጎማ ጥቂቷ ለከተማ ዳር ማኅበረሰቦች የዕለት ተዕለት አገልግሎት ትለይ ነው የምለው። ድርቅ ካለበት ከቦረና ወይም ከሶማሌ ክልል ተነጥቆ ለእኛ ይምጣም አላልኩም። እዚያ ያለው ሰው ከእኛ ይብሳል።

"ድሃው ማን እንደሆነ በምን እንለያለን?" ይባላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን እዩ። በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጀምሮ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍላል። ማን መክፈል እንደማይችል የሚለየው ቀበሌው ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ የዘመድ ስም ሾልኮ የሚገባበት ጊዜ አለ። ግን "ገበሬ ነህ ወይስ ከተሜ?" ብሎ አይጀምርም። አላችሁ ወይስ የላችሁም ነው የሚለው። ለሴፍቲኔቱም ይኸው ይሁን። የወረዳው ስም ሳይሆን የቤቱ ሁኔታ ይታይ። ዝርዝሩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ቅር ያለው ይናገር። አዴ ስማቸው ሲነበብ አልተገባቸውም የሚል ጎረቤት ካለ እኔ እገረማለሁ።

"እድር ገንዘብ ቢያጠፋስ?" ተገቢ ጥያቄ ነው። እድር ውስጥ ሌባ የለም ብዬ አልምልም። ግን የእድር ሒሳብ ያጎደለ ሰው የት ይሄዳል? ነገ አባቱ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት ማን ነው? ይህ ራሱን የቻለ ኦዲት ነው። ያ አልበቃ ካለ ጥብቅ አድርጉት። ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ አንዱ ከወረዳ ይሁን። ብሩ በየሩብ ዓመቱ ይለቀቅ። የመጀመሪያው ካልተወራረደ ሁለተኛው አይለቀቅ። ወጪው በወር አንዴ ስንሰበሰብ ይነበብ። ለትልቅ ድርጅት የሚጠየቀውን ወረቀት ግን ለአንድ ድስት ወጥ አትጠይቁን።

የእርጥባን ጥያቄ የሚመስለው ካለ፣ ሕገ መንግሥቱን ይመልከት። አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይላል። ገጠርና ከተማ ብሎ አይከፍልም።

እንግዲህ የምንጠብቀው መልስ ይህ ነው። የፌዴራልና የክልል ኃላፊዎች፣ ለሚቀጥለው በጀት የሴፍቲኔት መመሪያ ሲከለስ በከተማ ዳር የሚኖር ቤተሰብ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚታቀፍ በጽሑፍ ይቀመጥ። "በሁለቱም ይጠይቁ" የሚል መልስ ሳይሆን አንድ ስም፣ አንድ ቢሮ። የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንዱን የምታስተዳድሩ ደግሞ፣ እድሮች ሳይፈርሱና ድርጅት ሳይሆኑ በወረዳቸው ዋስትና ትንሽ ድጎማ የሚያገኙበት መንገድ ካለ ንገሩን፤ ከሌለም የለም በሉን፣ ሌላ እንፈልጋለን። የሚሰጠው ድጎማ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ይሁን። የሠራተኛዋን ክፍያ ይጨምር። የመጀመሪያው ክፍያ ከሐምሌ በፊት ይድረስ።

ማየት የሚፈልግ ካለ ይምጣ። እድራችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ይሰበሰባል። ደብተሮቹንና የሒሳብ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። የቤቶቹን መንገድ ሴቶቹ ያሳዩአችኋል። ቦቲ ጫማ ይዛችሁ ኑ፣ ጭቃው አይጣል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ጸሐፊ፣ ስለ አባላቱ